በግብር ምክንያት የተነሣ ክርክር እድራችንን ሊከፍለው ነው፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከእድር ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ የሰፈር እድር ውስጥ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። አባሎቻችን መምህራን፣ ባለ ሱቆች፣ ጡረተኞች፣ ጥቂት አናጢዎችና ግንበኞች ሲሆኑ፣ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን መዋጮ እንከፍላለን። ባለፈው ስብሰባ የእድሩ ዳኛ ወርኃዊ መዋጮው እንዲጨመር ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ አንድ ባለ ሱቅ አባላችን ከኪሱ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ አውጥቶ «ይህ ሳያንሰኝ ነው ደግሞ መዋጮ የምትጨምሩብኝ?» አለ። ወረቀቱ ለአራት ታጥፎ ስለ ነበር መታጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል፤ ለብዙ ሰው እያሳየ ይዞት እንደ ዞረ ያስታውቃል። ከአጠገቡ የተቀመጠው መምህር «የእኔ ግብርማ ደመወዜን ሳላየው ነው የሚቆረጠው፤ እናንተ የምታስታውቁት ግን የሸጣችሁትን እኩሌታ እንኳ አይሞላም» ሲል መለሰለት። ባለ ሱቁም «እኔ የምከፍለው አዲስ አበባ ሄዶ ይቀራል፤ አንተ ደግሞ ከእኔው ግብር ደመወዝ ትበላለህ» አለው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከግብር ወጥቶ ማን የማን ደጋፊ እንደ ሆነ ወደ መጠያየቅ ተሸጋገረ። በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ከስብሰባ ወጥቶ የት እንደሚደርስ ስለማይታወቅ፣ ዳኛው አጀንዳውን ሳይቋጩ ስብሰባውን በተኑት።

ከዐሥር ቀን በኋላ አንዲት እናት ዐርፈው ድንኳን ስንተክል፣ መምህሩ ምሰሶውን ይዞ ሳለ ባለ ሱቁ በሌላው ወገን ሊያግዝ ቢቀርብ፣ መምህሩ እጁን ለቀቀና ወንበር ወደሚያወርዱት ሰዎች ሄደ። ምሰሶው ሲያዘነብል እኔ ደርሼ ያዝሁት። ለቀስተኛው ሁሉ አይቷል።

አሁን ከአባላቱ ገሚሱ ስለ ግብርና ስለ ፖለቲካ በእድር መናገር በደንባችን ተከልክሎ ቅጣት ይጻፍበት እያሉ ነው። ይህ ያዋጣል ወይ? በግብሩ ነገርስ ከሁለቱ እውነቱ የማን ነው? ሁለቱን ሰዎች ለማቀራረብ የምታውቁት መንገድ ካለ ደግሞ ብታካፍሉን እናመሰግናለን።

መልስ፦ ከጡረተኛ የሒሳብ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም

ወንድሜ ጸሐፊ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ የተጣሉትም ሌላው በያዘው ግማሽ ላይ ነው።

ከመምህሩ ልጀምር። የደመወዝ ግብር በአሠሪው በኩል ተቀንሶ ስለሚቀር ለመሰወርም ሆነ ለመዘግየት አይመችም፤ በዚህ ትክክል ነው። መጠኑን በምሳሌ ለማየት፣ በወር 9,000 ብር የሚከፈለው ሰው በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ስሌት 1,745 ብር ይቆረጥበት ነበር። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ከግብር ነጻ የሆነው ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ስላለ፣ በአዲሱ ስሌት ያው ሰው 1,400 ብር ይቆረጥበታል። ብዙ ሰው ከዚህ ጋር የሚደምረው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ግን ግብር አይደለም፤ ተመልሶ የራሱ የሚሆን ነው። እኔ ዛሬ የምኖረው በእርሱ ነው፤ ኑሮ ከተባለ።

የባለ ሱቁ ነገር ከዚህ ይለያል። የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አነስተኛ ነጋዴ የሚከፍለው ገማቾች ሱቁን፣ ዕቃውንና የሥራውን ዓይነት አይተው በሚያስቀምጡት የገቢ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው። በ979ኙ አዋጅ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነው ደረጃ ሐ ተብሎ ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ይከፍል ነበር፤ የ2017ቱ ማሻሻያ የደረጃዎቹን አከፋፈል ስለ ቀየረው፣ የአሁኑን ደረጃ ከማስታወቂያው ላይ ማየት ይገባል። እንግዲህ መምህሩ የሚያማርረው የተቆረጠበትን ነው፤ ባለ ሱቁ የሚያማርረው የተገመተበትን ነው። አንዱ ከደመወዝ ወረቀቱ ላይ አንብቦ ያውቀዋል፤ ሌላው ግምቱ ከየት እንደ መጣ አያውቅም። ስለዚህ በአንድ ቃል ቢጠሩትም የሚከራከሩት በአንድ ነገር ላይ አይደለም።

«አዲስ አበባ ሄዶ ይቀራል» የተባለው ግን ስሕተት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ግብርም ሆነ የክልል መንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ግብር የክልሉ ገቢ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ከሆነ የሁለቱም ብር የሚገባው ወደ አንድ ግምጃ ቤት ነው። በጀቱ እንዴት እንደሚውል መጠየቅ የሁለቱም መብት ነው፤ ሲጠይቁ ግን ትክክለኛውን በር ያንኳኩ።

አሁን የሚያስቸኩለውን ልናገር። ባለ ሱቁ ያን ወረቀት ለእድርተኛው ሲያሳይ የቅሬታው ቀን እየነጎደበት ነው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ግለሰብ ነጋዴ የሚተዳደረው በክልሉ ሕግ ስለሆነ የራሱን ቀነ ገደብ ከማስታወቂያው ላይ ያረጋግጥ። በቅሬታው ውሳኔ ካልረካ በፌዴራሉ ሕግ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ነገር ግን ከሚከራከርበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ መክፈል ይኖርበታል። ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም ደግሞ የግብር ከፋዩ እንጂ የጽሕፈት ቤቱ አይደለም። የድሮ ሰው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይል ነበር፤ የግብር ውሳኔ ግን ይከሰሳል፣ ቀኑ ካላለፈ።

መልስ፦ ከባለ ሱቅ ሴት፣ ምዕራብ ጎጃም

ጋሼ ከላይ የጻፉት ልክ ነው፤ እኔ የደረሰብኝን ልጨምርበት። እኔ በምኖርበት ከተማ ገማቾቹ ወደ ሱቄ የመጡት በገበያ ቀን፣ ያውም በበዓል ዋዜማ ነበር። ዘይትና ስኳር ለመግዛት ሰው እስከ ደጅ ተሰልፎ፣ እኔም ሚዛኑን ማስቀመጫ ጊዜ አጥቼ ሳለ «በቀን ስንት ትሸጫለሽ?» ብለው ጠየቁኝና፣ መልሴን ሳይጨርሱ የሚያዩትን ጽፈው ሄዱ። ማስታወቂያው ሲመጣ የዚያን ቀን ሽያጭ የዓመቱ ሁሉ አድርገውታል። በሳምንት አምስቱን ቀን ዝንብ እያባረርሁ እንደምቀመጥ ማን ይንገራቸው!

አልቅሼ ወጥቼ ለጎረቤት ሁሉ ስናገር ሦስት ቀን አባከንሁ። በኋላ የእኅቴ ልጅ «እትዬ፣ የተናገርሽውን ለምን አንጽፈውም?» አለችኝና ቅሬታ ጻፍን። ያያያዝነውም የቤት ኪራይ ውሉን፣ ከጅምላ አከፋፋዩ የተቀበልኋቸውን ደረሰኞችና የዱቤ ደብተሬን ነው። ከሁሉ የጠቀመኝ የዱቤ ደብተሩ ሳይሆን አይቀርም፤ በየቀኑ ለማን ስንት እንደ ሰጠሁ ቀን ተጽፎበት ስለ ነበር፣ የገበያ ቀንና የአዘቦት ቀን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ግምቱ የፈለግሁትን ያህል ባይሆንም ቀነሰልኝ። አባላችሁ ደረሰኝ ካለው ዛሬውኑ ይሰብስብ፤ ከሌለው ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ይያዝ።

ስለ መምህሩም አንድ ነገር ልበል። «የሸጣችሁትን እኩሌታ አታስታውቁም» ማለቱ ቢያስከፋም፣ እንዲያ የሚያደርግ ነጋዴ የለም ብዬ አልምልም። ይሁን እንጂ ግምቱ ያለ ልክ በተቆለለ ቁጥር፣ ነጋዴውም እንዲህ ከሆነ ብሎ አሳንሶ መናገር ይለምዳል፤ ገማቹ ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ ይቆልላል። በዚህ መካከል የሚጎዳው እውነቱን የተናገረው ነው።

መልስ፦ ከሕግ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

በደንብ ስለ መከልከል ለጠየቃችሁት ብቻ እመልሳለሁ። እድር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የማይመለከተው ሲሆን፣ ዋናው መተዳደሪያው አባላት ፈርመው የተቀበሉት ደንብ ነው። ስለዚህ ስብሰባው በአጀንዳ እንዲመራ፣ ከአጀንዳ የወጣውን ዳኛው እንዲያስቆሙ፣ ስድብ የተናገረ እንዲቀጣ በደንባችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ። ስለ ግብር ወይም ስለ ፖለቲካ ሐሳብ ያለውን ሰው በሐሳቡ መቅጣት ግን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ጋር ያጋጫችኋል፤ ከዚያም በላይ የትኛው ቃል ፖለቲካ እንደ ሆነ የሚወስነው ማን ነው? የመዋጮ ጭማሪ ስትወያዩ የኑሮ ውድነት ይነሣል፤ የኑሮ ውድነት ሲነሣ ግብር ይነሣል። በቅጣት ከዘጋችሁት የምትቀጡት በአብዛኛው የከፋውን ሰው ይሆናል።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። አንደኛ፣ አንድን አባል በስሙ ጠርቶ «ግብር ይሰውራል» ማለት ከሐሳብ ነጻነት ወጥቶ ስም ማጥፋት ወደሚለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ሊያመራ ይችላል። የግብር ጽሕፈት ቤት ሠራተኞችም የግብር ከፋዩን መረጃ በምስጢር የመያዝ ግዴታ ስላለባቸው፣ እድርተኛው የጎረቤቱን ግብር ትክክለኛ መጠን የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ የሚናገረው በግምት ነው፤ ባለ ሱቁ የሚያማርረውም ያንኑ ነው። ሁለተኛ፣ «አንተ የማን ደጋፊ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ዳኛው እንደ ስድብ ቆጥረው ወዲያው ያስቁሙት። በደንቡ መጻፍ ካለበት እርሱ ይጻፍ።

አስተያየት፦ ከመምህር፣ ዳንግላ

የሕግ ባለሙያው ባሉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለመምህሩ የሚናገርለት ሰው አላየሁም። «ከእኔ ግብር ደመወዝ ትበላለህ» የሚለውን ቃል እኛ በየቦታው እንሰማዋለን፤ ከግብር ወሬ ይልቅ ምሰሶውን ያስለቀቀው ይህ ይመስለኛል። ዕርቅ ስትጀምሩ ከግምቱ ሳይሆን ከዚህ ቃል ጀምሩ።

መልስ፦ ከሞጣ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው

ልጆቼ፣ በ1960 ዓ.ም. ዐሥር ዓመት የሞላኝ እረኛ ነበርሁ። በዚያ ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ታውጆ የገበሬው ምርት በገማቾች ይገመት ሲባል፣ በሞጣ፣ በዳሞትና በሌላውም የጎጃም አገር ገበሬው እምቢ ብሎ ተነሣ። የብሩ ነገር ብቻ አልነበረም። ዛሬ ምርቱን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል፣ ለክቶም ርስታችንን ይነጥቀናል የሚል ፍርሃት ነበር። ትልልቆቹ በምሽት እሳት ዙሪያ ተቀምጠው «ቃላድ ሊጣል ነው» ሲባባሉ፣ እኔ የመሬት መለኪያ ገመድ መሆኑን ሳላውቅ ቃላድን አውሬ መስሎኝ በጎቼን ቆጥሬ ነበር የተኛሁት። ብዙ ደም ፈስሶ፣ በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ለገበሬውም ውዝፍ ግብር ተሰረዘለት።

ይህን የማነሣው ዛሬም እንዲሁ ይሁን ለማለት አይደለም፤ ያየሁትን ለማንም አልመኝም። ግምት የሚለው ቃል በእኛ አገር ጆሮ ቀላል አለመሆኑን እንድታውቁ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምትም የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በአምቦ፣ በወሊሶና በአዲስ አበባም ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ነበርና የጎጃም ብቻ ጠባይ ነው አትበሉ። ባለ ሱቁ ወረቀቱን አጣጥፎ ይዞ መዞሩ ቁጣ ብቻ አይመስለኝም፤ የሚያምነው ሰው ፍለጋም ነው።

ስለ ዕርቁ፦ ሁለቱን በስብሰባ ፊት አታቁሟቸው፤ በሰው ፊት የቆመ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ያፍራል። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ቢቻል አንዱ የንስሐ አባታቸው ሆነው፣ ለየብቻ ቤታቸው ድረስ ይሂዱላቸው። መጀመሪያ ወደ መምህሩ ይሂዱ፤ ምሰሶውን የለቀቀው እርሱ ነውና። ስለ ግብር አትጠይቁት። ሟቿ ለእርሱ ምኑ እንደ ነበሩ ጠይቁት፤ የቀረውን እርሱ ራሱ ያመጣዋል።

ተጨማሪ፦ ከጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። የጻፋችሁትን ለዳኛው አንብቤላቸው፣ ቅጣት ይጻፍ የሚለው ሐሳብ ቀርቶ ከአጀንዳ መውጣትንና ወገን መጠየቅን ብቻ የሚመለከት አንቀጽ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲቀርብ ተስማምተናል። የመዋጮው ጭማሪ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

የባለ ሱቁን ማስታወቂያ ትናንት ማታ በሱቁ ውስጥ አብረን አየነው። መታጠፊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ስለ ደበዘዘ የደረሰበትን ቀን ለማንበብ በስልክ መብራት ተጠቅመናል፤ ለቅሬታ የቀሩት ስድስት ቀኖች ናቸው። የኪራይ ውሉ ተገኝቷል። ከደረሰኞቹ ግን ብዙዎቹን ስኳር ሲጠቀልልባቸው ኖሯል፤ የቀሩትን በሣጥን ሰብስበን ለይተናል። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ወደ መምህሩ ቤት ይሄዳሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ባለ ሱቁ የዱቤ ደብተር የለውም፤ ዱቤውን የሚጽፈው በግድግዳው ላይ በከሰል ነው። ግድግዳውን ፎቶ አንሥተን ብናያይዝ ይቀበሉናል?

መልስ፦ ከጡረተኛው የሒሳብ ባለሙያ

እኔ ብሆን አያይዘው ነበር፤ ነገር ግን ብቻውን አይቆምምና ዱቤ የወሰዱት ሰዎች በየስማቸው ፊት እንዲፈርሙላችሁ አድርጉ። ፊርማውን ዛሬ ጀምሩት፤ ስድስት ቀን ብዙ አይደለም።