ገበር ምንድን ነው? ለጉርድ ቀሚስስ የግድ ነው?

ጀማሪ ሰፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስፌት እየተማርኩ ነው። ከስስ ጨርቅ ጉርድ ልሰፋ ስል አንዲት ጓደኛዬ «ገበር ካላስገባሽበት አይለበስም» አለችኝ። ገበር የኮት ብቻ አይደለም እንዴ? ኮሌታ ውስጥ የሚገባው ደረቅ ነገርስ እሱም ገበር ይባላል?

መርፌና ክር፦
ገበር ማለት ከልብሱ ውስጥ በኩል ተደርቦ የሚሰፋ ጨርቅ ነው። ኮት፣ ቀሚስ፣ ሱሪ፣ ቦርሳ፣ መጋረጃም ሳይቀር ገበር ይገባለታል። የኮሌታው ሌላ ነው። እሱ ቅርጽ እንዲይዝ በካውያ የሚለጠፍ ማጠንከሪያ ነው፤ በሁለት ጨርቅ መሃል ስለሚቀር አይታይም። ገበር ግን ልብሱን ስትገለብጪው የምታዪው ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

ጓደኛሽ ልክ ናት። ስስ ጨርቅ ገላ ያሳያል፣ ስትራመጂም እግር ላይ ይለጠፋል። ሱፍ ቢሆን ደግሞ ገበሩ እንዳይኮሰኩስሽ ይከላከልልሻል። የኮት እጅጌ ውስጥ ክንድሽ ሳይያዝ ሸርተት ብሎ የሚገባውም በገበሩ ነው፤ የኪሱን ከረጢትና የስፌቱን ጫፍ ሁሉ የሚሸፍነውም እሱ ነው።

ባለመቀስ፦
እኔ አቆራረጡን ልጨምር፤ ልብስ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነውና። ገበሩን ከላዩ ጨርቅ አጥብበሽ እንዳትቆርጪ! ላዩ ትንሽ ሲለጠጥ ገበሩ አብሮ ካልተለጠጠ፣ ቁጭ ስትዪ ስፌቱ ይተረተራል። ኮት ጀርባ ላይ ገበሩ መሃል እጥፋት የሚተውለት ለዚህ ነው። ርዝመቱን ግን 2 ሴንቲ ያህል አሳጥሪው፣ አለዚያ ከታች ብቅ ይላል። ወገቡና ዚፑ ጋ ከጉርዱ ጋር ይያያዝ፣ የታችኛው ጠርዝ ግን ለብቻው ታጥፎ ይሰፋ። ገበሩ ጥጥ ወይም ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሠራ ለስላሳ ጨርቅ) ከሆነ ደግሞ ሳትቆርጪው እጠቢው፣ ይሰበሰባል።

ጀማሪ ሰፊ፦
በጣም አመሰግናለሁ! ፖሊስተር ገበር ነው ያለኝ፣ ይሆናል?

መርፌና ክር፦
ይሆናል፣ ጠንካራ ነው። ግን ላብ አይመጥም፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን እሱም እግር ላይ ይለጠፋል። ለሙቀት ጊዜ ቪስኮስ ይሻላል። ፖሊስተሩን ስትተኩሺ የካውያውን ሙቀት ቀንሺ፣ ይቀልጣል።

ክር በክር፦
ሁሉም ልብስ ገበር ይፈልጋል ማለት ግን አይደለም። የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ የማይለጠጥ ገበር ከገባ ልብሱ መለጠጡን ያጣል። ወፈር ያለ ጥጥም ብቻውን ይበቃል። የሱፍ ሱሪ ላይ ብዙ ጊዜ የፊቱ ብቻ ነው ገበር የሚገባለት፣ እስከ ጉልበት ዝቅ ብሎ፤ ጉልበቱ እንዳይወጠር ያግዘዋል።