የልጆቻችን ሃይማኖት ምን ተብሎ ይሞላ? የራሳችንን የቤት ሥርዓት እየሠራን ነው

የወይራ ጭስ (ፍራንክፈርት)፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። ልጄ ኦገስት ላይ አንደኛ ክፍል ይገባል፣ ከትምህርት ቤቱ የመጣው ፎርም ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ አለ፣ ከስሩ ደግሞ ኢቫንጌሊሽ (ፕሮቴስታንት)፣ ካቶሊሽ (ካቶሊክ) ወይስ ኤቲክ (የሥነ ምግባር ትምህርት) ክፍል ይግባ ይላል። እስከ አርብ መመለስ አለብኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ የደሴ ልጅ፣ ባለቤቴ ሙስሊም ነው የኮምቦልቻ። ስንጋባ ልጆቹን ወደ አንዱ አንጎትትም ተባብለናል ግን ባዶ ቤት ውስጥ እንዲያድጉም አንፈልግም፣ ስለዚህ ሁለት ዓመት ሆነን የራሳችንን ነገር እየሠራን ነው። ቅዳሜ ማታ ስልክ ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ቡና ይፈላል፣ ሻማውን ልጁ ይለኩሳል። አቦል ላይ አባቱ መንዙማ ይላል ወይ ከቁርአን ያነባል፣ ቶና ላይ እኔ ዳዊት አነባለሁ፣ በረካ ላይ ልጁ በሳምንቱ ያስቀየመው ሰው ካለ ይናገራል ከዛ እጃችንን ዘርግተን እንመራረቃለን። ባለቤቴ ሕጎቹን ደብተር ላይ እየጻፈ ነው፣ 9 ደርሰዋል፣ የመጀመሪያው «እንግዳ ሳይበላ አይወጣም» የሚል ነው።

ትንሿ ልጄ ደግሞ ዛሬ 58 ቀኗ ነው። እናቴ 80 ቀኗ ሳያልፍ ክርስትና አስነሺ እያለች በየቀኑ ትደውላለች፣ ማተቡን ሁሉ በሰው ልካለች። የባለቤቴ እናት ኮምቦልቻ ላይ በ7 ቀኗ አቂቃ (ለተወለደ ልጅ የሚታረድ በግ) አውጥተው ስም አውጥተውላታል፣ የበጉን ብር የላክነው እኛ ነን። ደሴና ኮምቦልቻ ምን ያህል ነው፣ ወሬው በሳምንቱ እናቴ ጋ ደረሰ። «ለነሱ በግ አረድሽ ለኔ ውሃ ነፈግሽኝ» እያለች ስልክ ላይ ታለቅሳለች።

ፎርሙ ላይ ምን ልሙላ? እንዲህ የራሳቸውን ሥርዓት ይዘው ልጅ ያሳደጉስ ካላችሁ እንዴት ሆነላችሁ?

ሠላሳ ክረምት (ማንሃይም)፦
እህቴ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ፎርሙ አያስጨንቅሽ፣ ሃይማኖት ትምህርት ማስገባት አለማስገባት የወላጅ መብት ነው የጀርመን ሕገ መንግሥት ላይ አንቀጽ 7 ላይ አለ፣ ኦነ ኮንፌስዮን (ሃይማኖት የለም) ብለሽ ኤቲክ ላይ ምልክት አድርጊ። የምትጠነቀቁት ራሳችሁ ቡርገርአምት (የነዋሪዎች መዝገብ ቢሮ) ስትመዘገቡ ነው። አንድ የማውቀው የመካነ ኢየሱስ ልጅ ወንጌላዊ ነኝ ለማለት ኢቫንጌሊሽ ብሎ አስሞላ፣ ከዛ ደመወዙ ሲመጣ ኪርሸንሽቶየር (የቤተክርስቲያን ግብር) ተቆርጧል። ከሚከፈለው የገቢ ግብር ላይ 9 በመቶ ነው፣ ባየርንና ባደን ቩርተምበርግ 8 በመቶ፣ ከሙሉ ደመወዙ አይደለም ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኛ ኦርቶዶክስ አይሰበስብም።

ስለ ልጆቹ ደግሞ በ1921 የወጣ ሕግ አለ አሁንም ይሠራል። ወላጆች ተስማምተው ይወስናሉ፣ 12 ከሞላው ያለፈቃዱ ሃይማኖቱን ማስቀየር አይቻልም፣ 14 ሲሞላው ራሱ ይወስናል። የናንተን ሥርዓት ፌርአይን (ማኅበር) አድርጋችሁ ማስመዝገብ ብትፈልጉ ቢያንስ 7 አባል ይጠይቃል፣ ለቤት ቡና ግን ማንም አይጠይቃችሁም።

ባለቤቴ ላይፕሲሽ ነው ያደገችው። እነሱ ጋ ልጅ 14 ሲሞላው ዩገንድቫየ ያደርጋሉ፣ ቤተክርስቲያን ለማይሄድ ቤተሰብ የተሠራ ሥርዓት ነው፣ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ከ1955 ጀምሮ ሁሉም ልጅ እንዲያደርገው ገፋበት። መንግሥቱ ወድቆ እሱ ግን ዛሬም አለ። ለብሰው አበባ ይዘው ሲወጡ አያቶቻቸው ያለቅሳሉ። ሰው ልጁ ያደገበትን ቀን ምልክት ሳያደርግበት ማለፍ አይሆንለትም።

ማኅተመ (ሽቱትጋርት)፦
እህታችን እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ሃይማኖት ከላይ ይሰጣል እንጂ ባልና ሚስት ደብተር ላይ አይጽፉትም። 40ና 80 ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም፣ አዳም በ40 ቀኑ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት መግባታቸው ኩፋሌ ላይ ተጽፏል፣ እናትሽ የምትጠይቅሽ ልጅቷ ገነት እንድትገባ ነው። ዳዊትና መንዙማ እያቀያየርሽ ልጁ ሲያድግ የማንን ይዞ ይጸልያል? ሲታመም ማንን ይጠራል?

ኡሙ ሰሚር (ዱባይ)፦
እኔ ሙስሊም ነኝ በዚህ ግን ከወንድሜ ከማኅተመ ጋ ነኝ። ቁርአን ለአቦል የሚመረጥ ንባብ አይደለም። ባልሽን አክብሪው እሱም ያክብርሽ ግን ልጅ አንድ በር ይፈልጋል። አቂቃው ሱና ነው ደግ አደረጉ፣ ለሴት አንድ በግ ለወንድ ሁለት ነው፣ ግን በድብቅ መሆን አልነበረበትም፣ እናትሽ ቀድመው ቢሰሙ ምናልባት እሳቸውም መጥተው ይመርቁ ነበር።

የሐይቅ ልጅ (ስቶክሆልም)፦
አረ ወገኖች ተረጋጉ! የወሎ ሰው ሆኖ ይሄን አዲስ ነገር የሚል ማን ነው? የአባቴ እናት ክርስቲያን ነበሩ አጎቴ ሼህ። ሰርግ ላይ ሁለት በሬ ይታረዳል አንዱ በስመ አብ አንዱ በቢስሚላህ፣ ሁለት ወጥ ቤት ይሠራል፣ ሲበላ ግን አንድ ዳስ ውስጥ ነው። ቡና ላይ ሁሉም አሜን ይላል። እህቴ የሠራሽው የአያቶቻችንን ቡና ነው በርቺ።

ማኅተመ፦
ወንድሜ ራስህ እኮ መለስከው። ሁለት በሬ አልክ፣ ሁለት ወጥ ቤት አልክ። ወሎ ላይ ሁሉም የራሱን ይዞ ነው ተዋዶ የኖረው፣ ድስቱን አልቀላቀሉም። እሷ የያዘችው ሁለቱን በአንድ ድስት ነው።

የሐይቅ ልጅ፦
ድስቱ ሁለት ነው ምርቃቱ አንድ ነው። ምርቃቱን ነው ልጆቿ የሚወርሱት።

እናት ዓለም (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም፣ የደረሰብኝን ልናገር። 26 ዓመት አሜሪካ ስኖር ሁለት ሥራ እየሠራሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፣ እሁድ እንኳ የለኝም ነበር። የጊዮርጊስ ማኅበር ተራዬ ሲደርስ 100 ዶላር እልካለሁ፣ እህቴ ጠላውን ጠምቃ ዳቦውን ጋግራ በስሜ ታወጣለች፣ ፎቶ ትልክልኛለች። እኔ ፎቶውን ሥራ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ አየዋለሁ። ልጄ አሁን 23 ዓመቱ ነው ያ ብር ለምን እንደሚሄድ አያውቅም፣ አንድ ቀን «እማዬ እዛ ዕዳ አለብሽ እንዴ?» አለኝ። በእግዜር ስም ሁሉንም እዛ ልኬ እዚህ ቤቴ ውስጥ ምንም አላስቀረሁም። የኔ ልጅ አንቺ ቢያንስ ሻማ የሚለኩስ ልጅ አለሽ።

ተጓዥ (ማይንስ)፦
ጥያቄሽ እየተረሳ ስለሆነ ወደሱ ልመልሰው። እዚሁ ሰፈራችን አልዛይ የተወለደ ፊሊክስ አድለር የሚባል የራቢ ልጅ ነበር፣ በልጅነቱ ኒውዮርክ ወሰዱት፣ በ1876 ሶሳይቲ ፎር ኤቲካል ካልቸርን መሠረተ። ስለ ፈጣሪ የምናምነው ቢለያይም ምግባር አንድ ያደርገናል ነው ሐሳቡ፣ በ1878 ለድሃ ልጆች ነፃ መዋዕለ ሕፃናት ከፍተዋል፣ ማኅበሩ እስካሁን አለ። የቆየው ግን በአንድ ቤት ስላልቀረ ነው። ሌላ ሁለት ሦስት እንደናንተ የተጋቡ ቤተሰቦች ፈልጉና ቅዳሜን በዙር አድርጉት፣ ልጅ እኩያው ሲያደርገው ካላየ 12 ዓመቱ ላይ ይተወዋል። ሆፍሃይም አጠገብ ላንገንሃይን ላይ ከ1964 ጀምሮ የባሃኢ ሃይማኖት ቤተ መቅደስ አለ፣ የሁሉም ሃይማኖት መጻሕፍት ይነበቡበታል፣ አባል ሁኑ አልልም ልጁን ይዛችሁ ሂዱና እዩ።

ማኅተመ፦
ራስተፈሪያኖችም በ1930ዎቹ ጃማይካ ላይ አዲስ ሠሩ፣ መጨረሻ ላይ ግን ስንቶቹ የኛ ኦርቶዶክስ ጳጳስ አቡነ ይስሐቅ ጋ መጥተው ተጠመቁ፣ ቦብ ማርሌይ ራሱ 1980 ላይ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ። የተሠራው አላጠገበም ማለት ነው።

የሐይቅ ልጅ፦
ሻሸመኔ ላይ የሰፈሩትን ራስተፈሪያኖች ጠይቃቸው ጠግበው እንደሆን። አንተ የተጠመቁትን ብቻ ነው የምትቆጥረው።

ሠላሳ ክረምት፦
ወንድሞች እባካችሁ፣ የተጠየቀው ፎርም ነው።

የወይራ ጭስ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እናት ዓለም የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩለት ሁለታችንም ዝም አልን። ፎርሙን ትናንት አስገባሁ፣ ኤቲክ አልኩ፣ ሃይማኖት የሚለው ላይ መስመር አሰመርኩበት። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር፣ «ለምን ባዶ ተውሽው ቅዳሜ ብለሽ ጻፊው» አለኝ።

ማኅተመ ሲታመም ማንን ይጠራል ያልከው ሌሊቱን አላስተኛኝም፣ መልስ የለኝም።

ለእናቴም ገና መልስ አልሰጠሁም። ልጅቷ ዛሬ 61 ቀኗ ነው 19 ቀን ቀርቶኛል። ኮሎኝ ቤተክርስቲያን ለክርስትና እንዴት ቀጠሮ እንደሚያዝ፣ አባት ሙስሊም ሲሆን ምን እንደሚጠይቁ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ። ከባለቤቴ ጋ ገና አልተነጋገርንበትም፣ ቅዳሜ በረካ ላይ እነግረዋለሁ።