ክርክር፦ የሮማ እንግዳ ምንጭ ለማየት ይክፈል?

ከፍራንክፈርት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። ቪዛዋ ከተሳካ ሦስት ሌሊት ሮማ ልወስዳት አስቤአለሁ። ወጪውን ሳሰላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከፌብሩዋሪ 2026 ጀምሮ ትሬቪ ምንጭ ዳር ወርዶ ለመቆም 2 ዩሮ ይከፈላል። የሮማ ነዋሪ በነጻ፣ እኛ በገንዘብ። የጥንቱ ቤተ መቅደስ ፓንቴዎን መግቢያው ከ2023 ወዲህ 5 ዩሮ ነው። ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ካረፋችሁ ደግሞ በየሌሊቱ በነፍስ ወከፍ 6 ዩሮ የከተማ ግብር አለ። ይሄኛው ከክፍሉ ዋጋ ውጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው እንግዳ መቀበያው ጋ ነው። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ከተማ አደባባዩን ለእንግዳ መሸጥ ይችላል? እኔ አይችልም ባይ ነኝ። ሙዚየም ይከፈልበት፣ ጥበቃ አለው፣ ጣሪያ አለው። ምንጭ ግን መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። የትኛው 2026 ብሎ የሚመጣ አይጠፋም።)

የሮማ ነዋሪ፦ የኔ ወንድም፣ እህትህ በሰላም ትምጣልህ። እኔ እዚህ አሮጊት እየጠበቅሁ ነው የምኖረው፤ ባዳንቴ ነኝ። ጠዋት ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ስወጣ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ሻንጣ ነው። ሻንጣውስ ይሁን፣ ቻልነው። የመረረኝ የቤት ነገር ነው። መሐል ከተማ ለዓመት ተከራይ ቤት የሚሰጥ ጠፋ። ባለቤቱ ለሦስት ሌሊት እንግዳ ቢያከራየው ይበልጥ ያዋጣዋላ! በ2024 መጨረሻ ላይ የተቆጡ ሰዎች ለእንግዳ ቁልፍ ማስቀመጫ በየበሩ የተንጠለጠሉትን ሳጥኖች እየነቀሉ የሮቢን ሁድ ባርኔጣ ትተው ሲሄዱ ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እኔም ቤቱን ልቀቂ ተብዬ አውቃለሁ። አሁን 2 ዩሮ ተጠየቅሁ ብለህ ልታለቅስ ነው?

ከቦሌ፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የኛ ክፍያ ሮማ ስንደርስ አይደለም የሚጀምረው። የሸንገን ማመልከቻ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉህም አይመለስም። 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ አለ። የባንክ ስቴትመንት፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የሆቴል ማረጋገጫ... በኤፕሪል 2024 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ደንቡን አጠበቀ። ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ሄደ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ፈረንጅ ዓርብ ማታ ተነሥቶ ሰኞ የሚመለስበትን ጉዞ እኛ የምንጀምረው ከወራት በፊት ነው። ይህን ሁሉ አልፎ ለደረሰ ሰው ምንጭ ዳር ትኬት ቁረጥ ማለት ነውር ነው።

አስጎብኚው፦ ሮማን በእንግሊዝኛና በአማርኛ አስጎበኛለሁ። መጀመሪያ ነገሩን እናጥራው። ትሬቪን ከላይ፣ ከአደባባዩ ላይ ቆሞ ማየት አሁንም በነጻ ነው። የሚከፈለው ወደ ገንዳው ለመውረድ ነው። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ እሱም አይከፈልም። ሳንቲም መወርወር የፈለገም ይወርውር፤ ሳንቲሙ የሚሄደው ለካሪታስ በጎ አድራጎት ነው፣ በዓመት ከሚሊዮን ዩሮ በላይ ይሰበሰባል።

አሁን ወደ ክርክሩ። ትሬቪን የሚያጨናንቀው ሮማ የሚያድረው እንግዳ ብቻ አይደለም። ቺቪታቬኪያ ወደብ ላይ ከትልልቅ መርከብ ወርዶ የሚመጣ አለ። ጠዋት ይገባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ማታ እዚያው መርከቡ ላይ ነው የሚያድረው። የሌሊት ግብሩ አይነካውም። ቆሻሻው ግን ሮማ ይቀራል። እሱን የሚያገኘው ይህ 2 ዩሮ ብቻ ነው። እኔ እደግፈዋለሁ።

ነገረኛው፦ ሒሳብ ከተጀመረማ ሮማ ትክፈለን! የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ እዚያው ሮማ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ቆሞ ስንቱ በነጻ ፎቶ ተነሣበት? 24 ሜትር እኮ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። እንመልሳለን ብለው የፈረሙት በ1947፣ አክሱም የደረሰው በ2005። የቦታውን ኪራይ አንጠይቅም፤ የሐውልቱን ብቻ ያስቡልን።

ከቦሌ፦ 😂 ይሄ ሰው ሁልጊዜ ክርክር ያፈርሳል። ግን እውነቱን ነው።

አስጎብኚው፦ ቀልዱን ትቼ፣ እህትህን እዚያ ውሰዳት። ከኮሎሲየም በእግር ትደርሳላችሁ፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ነው። ሐውልቱ የለም፣ ቦታው ግን አለ። ከተርሚኒ ስትወጡም የምትረግጡት አደባባይ የተሰየመው ራስ አሉላ በ1887 ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው ወታደሮች ነው። መታሰቢያቸው እዚያው አቅራቢያ ቆሟል። ከላዩ የግብፅ ሐውልት ነው፤ የሰው አገር ሐውልት መውሰድ በአክሱም አልተጀመረም። ለዚህ ሁሉ ትኬት የለም።

ከጎንደር፣ መምህር፦ ወገኖቼ፣ ነዋሪና እንግዳን መለየት ለኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ላሊበላ ላይ በ2013 ለውጭ ዜጋ 50 ዶላር ሲደረግ ማን ጮኸ? ምእመኑ ሊሳለም ይገባል፣ አይከፍልም። ጎብኚው ሊያይ ይገባል፣ ይከፍላል። ፓንቴዎንም እንደዚሁ ነው። ከ609 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለቅዳሴ የሚገባ ሰው ትኬት አይጠየቅም። ከትኬቱ ገቢ 30 በመቶው ለሮማ ሀገረ ስብከት፣ ቀሪው ለባህል ሚኒስቴር ነው። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ከታወቀ እኔ ቅሬታ የለኝም።

ከቦሌ፦ መምህር፣ ላሊበላ የሚመጣው ፈረንጅ ቪዛውን ሶፋው ላይ ተቀምጦ በኢንተርኔት ያወጣል። እኔ የጣት አሻራ ለመስጠት ቀጠሮ እለምናለሁ። እኩል ሳንሆን ክፍያውን ብቻ እኩል አታድርጉት።

ከጎንደር፣ መምህር፦ ልክ ነህ። ያ ግን የኤምባሲ ጥፋት ነው። የትሬቪን ጠራጊ ደመወዝ አትከልክለው።

ከፍራንክፈርት፦ የመርከቡ ነገር ያሳምናል። እንግዲያው ዋጋው ተገልብጧል ማለት ነው። እኔና እህቴ ሦስት ሌሊት አድረን፣ እራት በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ በግብር ብቻ 36 ዩሮ እንከፍላለን። የመርከቡ ጎብኚ ግን በ2 ዩሮ ያመልጣል፤ ከላይ ከአደባባዩ ሆኖ ካየ ደግሞ ምንም። ከተማዋ ሰው ረጋ ብሎ እንዲቆይ ከፈለገች የሚያድረውን ትማር፣ የሚያልፈውን ታስከፍል።

የሮማ ነዋሪ፦ ይሄን እቀበላለሁ፤ የመርከቡ ጎብኚ ይጨመርበት። አንተ ግን የት ልታርፍ ነው? እሱን አልነገርከንም።

ከፍራንክፈርት፦ መሐል ከተማ፣ ናቮና አደባባይ አጠገብ አንድ አፓርትመንት አይቼ ነበር። ወጥ ቤት አለው፤ እህቴ የራሷን ሽሮ ትሠራለች ብዬ።

የሮማ ነዋሪ፦ ይኸው! 2 ዩሮውን ስትከራከር ቆይተህ ቤታችን ልትገባ ነው። ልጄ፣ ሆቴል ያዝ። ካልሆነ መነኮሳት የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ። ንጹሕ ናቸው፣ ዋጋቸውም ደህና ነው። አንዳንዶቹ ማታ በር ይዘጋሉ፣ ሰዓቱን ጠይቅ። ሽሮውን እኔ እሠራላታለሁ።

ነገረኛው፦ እትዬ፣ ለሽሮው ነዋሪ ያልሆነ ስንት ይከፍላል?

አስጎብኚው፦ ሦስት ሌሊት ብቻ ስለሆነ ቀኖቹን አስተካክል። ረቡዕ ጠዋት የሮማው ጳጳስ (ፖፑ) ሕዝብ ስለሚቀበሉ የቅዱስ ጴጥሮስ አካባቢ ይጨናነቃል። የቫቲካን ሙዚየም እሑድ ዝግ ነው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነጻ ይከፈታል፣ ሰልፉ ግን አያድርስ። ኮሎሲየም በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በነጻ ነው። እሱንም አልመክርም፤ አጭር ጉዞ ላይ ግማሽ ቀን በሰልፍ መጨረስ ከ18 ዩሮው ይበልጣል። ውሃ አትግዙ። መንገድ ዳር ያሉት የብረት ቧንቧዎች ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ ያወርዳሉ።

የኮሎሲየም ትኬት ላይ ስም አለ፣ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ያያሉ። ስለዚህ የእህትህን ስም ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፍ። እኛ አበሾች አንዱን ስም በአራት ዓይነት የላቲን ፊደል ስለምንጽፍ ነው የምልህ። ዋናው የክፍያ ግፍ ያለውም እዚህ ነው ባይ ነኝ። አንዳንድ አስጎብኚ ድርጅቶች ትኬቱን በኮምፒውተር እያፈሱ አትርፈው ይሸጡት ነበር። በ2025 የኢጣሊያ የውድድር ተቆጣጣሪ በድምሩ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ቅጣት የጣለው በዚህ ነው። ከኦፊሴላዊው ገጽ ግዛ።

ከቦሌ፦ መቼ ይግዛ? ቪዛው ባይመጣስ?

አስጎብኚው፦ ሽያጩ የሚከፈተው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ቪዛው ፓስፖርቷ ላይ ሳይለጠፍ አይንካው።

ከቦሌ፦ መልሱ 45 ቀን፣ ትኬቱ 30 ቀን። ይሄን ነው እኮ የምላችሁ!

የሮማ ነዋሪ፦ አይዞሽ በላት፣ ይመጣል። ዕረፍቴ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ትሬቪን እኔ አሳያታለሁ። እኔ በነጻ እወርዳለሁ፣ የሷን 2 ዩሮ አንተ ትከፍላለህ።