የዕቅድ ውይይት፦ እድራችን ለአካባቢያችን የምግብ ባንኮች ምን ያዋጣ?

ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተነሳው ሐሳብ ሳይቀዘቅዝ እዚህ እንነጋገርበት ብዬ ነው። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው አንድ የጋራ ሐሳብ ያስፈልገናል። ጉዳዩ እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ላይ የተራበ ሰው የሚያበሉትን ድርጅቶች እንዴት እንደግፍ የሚለው ነው።

የምንኖርበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ሀብታም ነው። የቤተሰብ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ ከ120 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ኪራዩም የተቆረጠው በዚያው ልክ ስለሆነ፣ በሰዓት ክፍያ የሚኖር ሰው ኪራይ ከፍሎ ሲጨርስ እጁ ባዶ ነው። ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ከ100 ቤተሰብ 37ቱ በዓመት ውስጥ በቂ ምግብ የማግኘት ችግር ገጥሟቸዋል። በ2025 መጨረሻ የፌዴራል መንግሥት ተዘግቶ፣ በኖቬምበር ፉድ ስታምፕ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የምግብ መግዣ ድጎማ) ሲቋረጥ ምን እንደተፈጠረ ደግሞ ሁላችንም አይተናል። መዘጋቱ 43 ቀን ቆየ። ደሞዛቸው የቀረባቸው የፌዴራል ሠራተኞች በእድራችን ውስጥም ነበሩ።

የመጀመሪያ ረቂቄ ይሄ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ በምንሰበሰብበት አዳራሽ የራሳችንን የምግብ ማከፋፈያ እንክፈት። ምግቡን አባላት ከቤት ያምጡ። የሚቆረጠውን ቁረጡ፣ የሚጨመረውን ጨምሩ።

አንድ አንጋፋ አባል፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ደክመህበታል። ግን የብዙዎችን ጥያቄ ልጠይቅ። አገር ቤት ስንት ወገን እየተቸገረ፣ በዚህ ሀብታም አገር ላይ ማዋጣታችን ምን ይባላል? ለእኔ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ትምህርት ቤት የምትሠራ አባል፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ለአገር ቤት የምንልከው ይቀጥላል፣ አንድም ሳንቲም አይነካም። እኔ ግን በየሳምንቱ የማየውን ልንገርዎ።

ማና ፉድ ሴንተር የሚባለው ድርጅት ከ1983 ጀምሮ በዚህ ካውንቲ ይሠራል። ስማርት ሳክስ የሚሉት ፕሮግራም አላቸው፤ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ለቅዳሜና እሁድ የሚሆን ምግብ ነው። በሳምንቱ ቀናት ልጁ ትምህርት ቤት ይበላል። ሁለቱን ቀን ግን ምን ይበላል? ዓርብ ከሰዓት ምግቡን ቦርሳቸው ውስጥ ስናስገባ አንድ የእኛ ልጅ በአማርኛ ቀስ ብሎ «ሥር አድርጊልኝ፣ ደብተሩ ከላይ ይሁን» አለኝ። ዕድሜው ስምንት ዓመት ነው።

ለቅሶ ቤት ንፍሮና እንጀራ ይዘን ስንሄድ የሟቹ ሰፈር ሀብታም ነው ወይስ ድሃ ብለን አንጠይቅም፣ ጋሼ። እድር ማለት እኮ ይሄው ነው።

ገንዘብ ያዥ፦

ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ የራሳችንን ማከፋፈያ መክፈቱን ግን አልደግፍም። ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ኢንሹራንስ ይፈልጋል። አዳራሹ የኪራይ ነው። ከሁሉም በላይ በየወሩ ሳይሰለች የሚመጣ ሰው ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ የጽዳት ተራ እንኳ ማሟላት ያቃተን ወር ነበር። እነ ማና መጋዘን አላቸው፣ መኪና አላቸው፣ ዕቃ በገፍ ይገዛሉ። እኔ በአንድ ዶላር ከሱቅ ከማመጣው ጣሳ ይልቅ እነሱ በዚያችው ዶላር የሚገዙት ብዙ ነው። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ እንስጥ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 140 ቤተሰብ ነን። በወር አምስት አምስት ዶላር ብናዋጣ 700 ዶላር ይሆናል፤ በዓመት 8,400 ዶላር። ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን የቡና ወጪ ማለት ነው። መዋጮው በፈቃደኝነት ይሁን፤ የከፈለና ያልከፈለ ስም አይነበብ። ከእኛው መካከል አምስት ዶላር የሚከብደው ሰው አለ።

የግብር ነገር ለሚያሳስባችሁም፦ ከ2026 ጀምሮ የዓመት ግብሩን ሲያስታውቅ ወጪውን ዘርዝሮ የማያስገባ ሰውም ለበጎ አድራጎት ድርጅት በጥሬ ገንዘብ ከሰጠው እስከ 1 ሺህ ዶላር፣ አብረው የሚያስገቡ ባልና ሚስት እስከ 2 ሺህ ዶላር ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው ላይ መቀነስ ይችላሉ። ለእድሩ የተከፈለ መዋጮ ግን አይቀነስም። ይህን የሚፈልግ በቀጥታ ለድርጅቱ ይክፈልና ደረሰኙን ለራሱ ያስቀምጥ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል ወጣት አባል፦

ገንዘብ ያዣችን ባለው እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ሌላ ምክንያት ነው።

የማገለግልበት ቦታ ላይ አንድ ቅዳሜ ሰልፉ ረጅም ነበር። መሀል ላይ አንዲት እናት ቆመዋል፣ ነጠላ ለብሰዋል። ካርቶን ይዤ ስጠጋ ዓይን ለዓይን ተያየን። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያወቁ መሰለኝ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ከሰልፉ ወጡ። ሁለት ሰው ብቻ ነበር የቀረው ተራቸው ሊደርስ። ሮጬ ልከተላቸው ወይስ ልተው ብዬ ቆሜ ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይወጣም።

አሁን አስቡት። በእድሩ አዳራሽ፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት፣ ማን ሊሰለፍ ይመጣል? ይሉኝታው ይገድላቸዋል። አንድም ሰው አይመጣም፣ ወይም የሚመጡት የማይቸገሩት ናቸው። ስለዚህ እርዳታችን እኛ በማንታይበት ቦታ ይሁን።

ሌላም አለ። በጁላይ 4, 2025 በተፈረመው የፌዴራል ሕግ፣ በስደተኛነት የገቡና ጥገኝነት (አሳይለም) ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ፉድ ስታምፕ የማግኘት መብታቸው ተነስቷል። ይሄ በቀጥታ የእኛን ሰው ይነካል። ብዙዎቹ ስልክ ደውለው መጠየቅ እንኳ ይፈራሉ። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚናገር ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ከገንዘቡ እኩል ይጠቅማል።

የቤት ለቤት ነርስ የሆነች አባል፦

ስለ ምግቡ ዓይነትም እንነጋገር። የማስታምማቸው አንዲት እናት አሉ፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በዐቢይ ጾም መሀል ጓዳቸውን ስከፍት 11 ጣሳ የዶሮ ሾርባና ሁለት ካርቶን የዱቄት ወተት ተደርድሯል። አንዱም አልተከፈተም። «ለምን አይመልሱትም?» አልኳቸው። «ሰጥተውኝ እንዴት እመልሳለሁ፣ ነውር አይደለም እንዴ» አሉኝ። ያን ቀን የበሉት ዳቦና ሻይ ነበር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕ፣ ዓርብና ሌሎቹ አጽዋማት ሲጨመሩ ከዓመቱ ብዙው ጾም ነው። አንድ ኪሎ ቀይ ምስር፣ ሽሮ፣ ሩዝና ዘይት ቢያገኙ ሳምንቱን ሙሉ በልተው ይተርፋቸው ነበር።

ድርጅቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የነገራቸው የለም።

አንድ ሙስሊም ወንድም፦

እህቴ ልክ ነሽ። ለእኛም እንደዚያው ነው። ሐላል መሆኑ ያልታወቀ ሥጋ ከሆነ ካርቶኑ እንዳለ ይቀመጣል። ለረመዳን ቴምርና ምስር ቢኖር ትልቅ ነገር ነው። ምስርና ሩዝ ለሁላችንም ይሆናል፤ ከዚያ እንጀምር።

ምግብ ቤት ያላት አባል፦

ከእኔ በየቀኑ የሚተርፍ እንጀራና የጾም ወጥ አለ። እከሰሳለሁ ብዬ ስፈራ ቆይቻለሁ። በኋላ ስጠይቅ ከ1996 ጀምሮ በቅንነት ምግብ የለገሰን ሰው ከክስ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ እንዳለ ነገሩኝ። ምግቡ ንጹሕና በደንብ የተያዘ ይሁን እንጂ። መሀል ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሼፐርድስ ቴብል የተዘጋጀ ምግብ ያበላል። የበሰለ ምግብ ከእኛ ይቀበሉ እንደሆነና በምን ዓይነት ዕቃ እንደሚፈልጉት እጠይቃለሁ። ሌሎቹንም ባለ ምግብ ቤቶች አነጋግራለሁ።

ጸሐፊ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የራሳችንን ማከፋፈያ የሚለውን ሰርዤዋለሁ። እናትየዋ ከሰልፉ የወጡበትን ካነበብኩ በኋላ ልከራከርለት አልቻልኩም። የተሻሻለው ረቂቅ ይሄው፦

«እድራችን ከአባላቱ በፈቃደኝነት በወር አምስት ዶላር ሰብስቦ ለአንድ ዓመት ለማና ፉድ ሴንተር ይሰጣል። የከፋዮች ስም አይገለጽም። ከገንዘቡ ጋር አንድ ደብዳቤ እንልካለን፤ ለጾመኞችና ለሙስሊም ተረጂዎች ምስር፣ ሽሮ፣ ሩዝና ዘይት እንዲታሰብ፣ የሥጋው ምንጭም እንዲነገር የሚጠይቅ። በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ የሚያስተናግዱ በጎ ፈቃደኞች እናቀርባለን። ከቤት መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን ድርጅቱ ከፈቀደ ምግቡን በመኪናችን እናደርሳለን። በጎ ፈቃደኛው ያየውን ሰው ስም ለማንም አይናገርም፤ ይህንን በፊርማው ያረጋግጣል። ባለ ምግብ ቤት አባላት ትርፍ ምግባቸውን ለሼፐርድስ ቴብል ለመስጠት ይነጋገራሉ።»

የቀረ ካለ እስከ እሁድ ጻፉ።

አንጋፋው አባል፦

አነበብኩት። በ1980ዎቹ እዚህ ስደርስ የመጀመሪያውን ክረምት ያለፍኩት ቤተ ክርስቲያን በሰጠኝ ካርቶን ነው። ረስቼው አልነበረም፤ ማንሳት ከብዶኝ ነው። ስለዚህ ተቃውሞዬን አንስቻለሁ።

አንድ ማስተካከያ አለኝ። «ተረጂዎች» የሚለውን አውጣውና «ጎረቤቶች» በለው። ደብዳቤው ለራሳችንም ይነበባል፤ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እዚያ ተቀምጦ ሊሰማ ይችላል።

ለአረጋውያኑ የሚደርሰውን በእኔ መኪና አድርጉት። ሐሙስ ሐሙስ ነፃ ነኝ። ደረጃ መውጣት ስለሚከብደኝ አንድ ጎረምሳ ጨምሩልኝ።

ወጣቱ አባል፦

ጋሼ፣ እኔ አለሁ። ሐሙስ ከሥራ በጊዜ እወጣለሁ። ነገ ወደ ማና ደውዬ ምግቡን ቤት ለቤት ለማድረስ ምን እንደሚጠይቁ አጣርቼ እዚሁ እጽፋለሁ።

ጸሐፊ፦

«ጎረቤቶች» ተብሎ ተስተካክሏል። ነርሷ እህታችን፣ የምስሩንና የሽሮውን ዝርዝር እስከ ቅዳሜ ላኪልኝ፤ ከደብዳቤው ጋር አያይዘዋለሁ።