ሳሙናውን ተውኩ፣ ሽታው ግን አልሄደም

እህቶቼ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፤ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ቀትር ላይ ናይለን ፓንት ገላ ላይ ይጣበቃል። ላቡን ፈርቼ ብልቴን በቀን 2 ጊዜ ሽቶ ባለው ሳሙና እስከ ውስጥ ድረስ እታጠብ ነበር። አንዲት ነርስ ስትነግረኝ ደነገጥኩ፦ ብልት ራሱን ያጸዳል፣ ጤነኛ ሲሆን ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ3.8 እስከ 4.5 ነው፣ ሳሙና ደግሞ አሲዱን የሚጠብቁትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ይጎዳል። ለካ ራሴው ነኝ የጎዳሁት! ወዲያው ትቼ ከከፊራ ገበያ የጥጥ ፓንት ገዛሁ።

አሁን 3 ሳምንት ሆነኝ፤ ስስ ግራጫ ፈሳሽ አለኝ፣ ሽታው እንደ ዓሣ ነው፣ ከባለቤቴ ጋር ከተገናኘን በኋላ ይብሳል። አያሳክክም። ጎረቤቴ የተረፋትን የፈንገስ ክሬም ልስጥሽ ትለኛለች፤ እኔ ግን ፈራሁ። ይሄ ፈንገስ ነው ወይስ ባክቴሪያ? ክሊኒክ ስሄድ የትኛውን ምርመራ ልጠይቅ?