የቲቢ የቆዳ ምርመራዬ 12 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ምክንያቱ የልጅነት ክትባቴ ይሆን?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ ልቀጠር ስል የቲቢ የቆዳ ምርመራ ታዘዘልኝ። ነርሷ ክንዴን ከውስጥ በኩል ስትወጋኝ ምስር የምታህል ነጭ እብጠት ወጥታ ወዲያው ጠፋች፤ በሁለተኛው ቀን ግን ቦታው ቀልቶ አበጠና ስመለስ 12 ሚሊ ሜትር ተብሎ ራጅ እንድነሣ ተነገረኝ። አልሳልም፣ ሌሊት አያልበኝም፣ ክብደቴም አልቀነሰም። በሕፃንነቴ የተከተብኩት የቢሲጂ (የቲቢ መከላከያ) ክትባት ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ አለ። ውጤቱ ከእርሱ የመጣ ሊሆን አይችልም?

መልስ 1፦
ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በሕፃንነት የተሰጠ ቢሲጂ በዚህ ምርመራ ላይ ያለው ተጽዕኖ ከዓመት ዓመት እየደከመ ስለሚሄድ፣ ቲቢ ከበዛበት አገር የመጣ ትልቅ ሰው ሁሉንም በክትባቱ ማሳበቡ አያዋጣም። የተወጉት 0.1 ሚሊ ሊትር ቱበርክሊን ከባክቴሪያው የተጣራ ፕሮቲን ነው፤ በሽታ አያስይዝም። ሰውነትዎ ፕሮቲኑን ከዚህ በፊት የሚያውቀው ከሆነ ቦታው ይጠጥራል፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜም ይነበባል። የሚለካው በጣት ሲዳሰስ የሚጠጥረው ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ቅላቱ አብሮ ተለክቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ይህ ስሕተት ብርቅ አይደለም። በአሜሪካ አሠራር እንደ እርስዎ በቅርብ ለመጣ ሰው 10 ሚሊ ሜትር፣ ኤችአይቪ በደሙ ላለ 5፣ ምንም ተጋላጭነት ለሌለው ደግሞ 15 ሚሊ ሜትር ፖዘቲቭ ይባላል።

መልስ 2፦
እህቴ፣ እኔም 14 ሚሊ ሜትር ተብዬ ተጨንቄ ነበር። ሐኪሜ ኳንቲፌሮን የሚባለውን የደም ምርመራ አዘዘልኝና ኔጋቲቭ ሆነ። የደም ምርመራው የሚፈልጋቸው ፕሮቲኖች በቢሲጂ ውስጥ ስለሌሉ ክትባቱ አያሳስተውም፤ ለተከተበ ሰው የሚመረጠውም ለዚህ ነው። አንቺም ጠይቂ፤ ራጁን ግን አታስቀሪ።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። ራጁ ንጹሕ ሆኖ የደሙ ውጤት ፖዘቲቭ ቢሆንስ? ሥራዬን ላጣ ነው?

መልስ 1፦
ምልክት ከሌለዎትና ራጁ ንጹሕ ከሆነ ሁኔታው ድብቅ ቲቢ ይባላል፤ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፣ ከሥራም አያግድም። ካልታከመ ግን ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ወደ ፊት በሽታው ሊነሣ ስለሚችል መድኃኒቱን ቢወስዱ ይሻላል። ከአማራጮቹ አንዱ በየቀኑ ለ4 ወር የሚወሰድ ሪፋምፒን ነው። ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ አይደንግጡ። የወሊድ መከላከያ እንክብልን ስለሚያዳክም ግን የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ። የቆዳ ምርመራው ከሕክምና በኋላም ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል የራጁንና የሕክምናውን ወረቀት አይጣሉ፤ ቀጣዩ ቀጣሪ እንደገና ልወጋዎት ሲል ያሳዩታል።