የተረሳውን የኮሌጅ ሒሳብ በጋራ ለመከለስ የቀረበ ረቂቅ ዕቅድ፦ አብረው የተመረቁ ሰዎች ማኅበር አባላት ውይይት

ጅሬን (ሐሳብ አቅራቢ)፦
ረቂቁ እስከ ሐሙስ ተጠናቅቆ ለጠቅላላ ጉባኤው መቅረብ ስላለበት ዋና ዋናውን እዚህ አስቀምጣለሁ። ዓላማው አንድ ነው፤ እኛው ራሳችን፣ ያለ አስተማሪ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት እየተገናኘን በ12 ሳምንት የካልኩለስን ርዕሶች፣ ማለትም ሊሚትን (ስሌቱ እየተጠጋ የሚሄድበትን ወሰን)፣ ዴሪቬቲቭን (አንድ መጠን ሲለወጥ ሌላው በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ) እና ኢንቴግራልን (ጥቃቅን ክፍሎችን ደምሮ ጠቅላላውን ማግኘት) ከመሠረታቸው መከለስ። ለ14 ሰው 120 ገጽ በ4 ብር ሒሳብ ለኮፒ 6,720 ብር፣ ለጥቁር ሰሌዳ 2,400 ብር፣ ለጠመኔ 180 ብር፣ በድምሩ 9,300 ብር ከካዝናው እንጠይቃለን። እያንዳንዱ ሰው በተራው አንድ ርዕስ አዘጋጅቶ ያቀርባል፣ ሌሎቻችን እንጠይቀዋለን። ማን ከየት መጀመር እንዳለበት ለማወቅ 20 ጥያቄ ያለው መለያ ፈተና አያይዣለሁ። አፕላይድ ማቲማቲክስን ከአንድ እስከ ሦስት በጥሩ ውጤት ያለፍኩ መሐንዲስ ነኝ፤ ነገር ግን የሉል ይዘት ዴሪቬቲቭ ለምን የገጽታውን ስፋት እንደሚሰጥ ልጄ ብትጠይቀኝ ማስረዳት አልችልም። ቀመሩን አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን ተማሪ ሳለሁም አላወቅሁትም፣ ይህም ዓመት በጨመረ ቁጥር እየቆጨኝ ሄዷል።

ገንዘብ ያዥ፦
ካዝናው የሁሉም አባል ነው፣ የ14 ሰው አይደለም። ለኮምፒውተር ሥልጠና ተብሎ የወጣው ገንዘብ እንዴት እንደቀረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መዝገቡ እኔ ዘንድ አለ፤ 22 ሰው ተመዝግቦ በአራተኛው ሳምንት የተገኘው 3 ሰው ነበር። ይህኛው ከዚያኛው በምን እንደሚለይ በጽሑፍ ካልተገለጸልኝ ለጉባኤው የድጋፍ አስተያየት አልሰጥም።

ግንጆ፦
የኮፒውን ነገር ለእኔ ተዉት። የማውቀው ሰው ገጹን በ3 ብር ይሠራልኛል፤ ስለዚህ ከ6,720 ብር ላይ 1,680 ብር ይቀነሳል። ዋናውን ቅጂ ዛሬ ማታ ከጅሬን ተቀብዬ እስከ ማክሰኞ አደርሳለሁ።

ቦሳ ቂጦ፦
በጀቱ ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ በመለያ ፈተናው ላይ ግን አለኝ። ጥያቄ 1 ትንሹ የተፈጥሮ ቁጥር የትኛው እንደሆነ ይጠይቅና በመልሱ ዝርዝር ላይ ዜሮ ይላል። ይህ ስሕተት ነው። በአገራችን የመማሪያ መጻሕፍት የተፈጥሮ ቁጥሮች ከ1 ይጀምራሉ፤ ዜሮ ሲጨመርባቸው ደግሞ ሙሉ ቁጥሮች ይባላሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ የተሳሳተ ፈተና ማንንም ሊመዝን አይችልም።

ጅሬን፦
ስሕተት አይደለም። የሒሳብ ምልክቶችን የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ደረጃ ዜሮን ከተፈጥሮ ቁጥሮች ውስጥ ይቆጥራል። ከ20 ጥያቄ አንዱ ስለሆነ እንለፈውና ወደ ሰዓቱና ወደ አዳራሹ እንመለስ።

ቦሳ ቂጦ፦
አናልፈውም። እኔ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ለ19 ዓመት ያስተማርኩት 1 ብዬ ነው። ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል የዚህ ማኅበር አባላት ልጆች ይገኛሉ። ፈተናው በዚህ መልኩ ከተሰራጨ መምህራቸው ሲያሳስታቸው ኖሯል ማለት ነው፤ ይህንን በዝምታ አልቀበልም።

ሂርማታ፦
በሥራዬ ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ እኛ ዘንድ ዝርዝር ሁሉ ከዜሮ ይቆጠራል። ቢሆንም መምህራችን ተሳስተዋል አልልም። ቁጥሮችን በአክሲዮም (ያለ ማረጋገጫ በሚወሰድ መነሻ ሐሳብ) ላይ ያቆመው ጣሊያናዊው ፔአኖ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው ሥራው ከ1 ጀምሮ፣ በኋላ ባወጣቸው ሥራዎቹ ወደ ዜሮ ተሻግሯል። ነገሩ የስምምነት ጉዳይ እንጂ የእውነትና የሐሰት ጉዳይ አይደለም። በጥያቄው አናት ላይ በየትኛው ስምምነት እንደምንሠራ አንድ መስመር ቢጨመር ክርክሩ ያበቃል።

መንደራ ቆጪ፦
አላበቃም። በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት ስለተማርኩ የማውቀውን ልናገር። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ፲ም ሆነ ፳ ወይም ፻ ለራሳቸው የተሰጠ ምልክት ስላላቸው ባዶ ቦታ የሚይዝ አኃዝ አላስፈለጋቸውም። ሆኖም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን በሚወጣበት በባሕረ ሐሳብ ስሌት ባዶው ራሱ ይመጣል። የ2006 ዓ.ም.ን እንውሰድ፤ 5500 ሲደመርበት 7506 ይሆናል፣ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 1 ይተርፋል፣ መደቡ 1 ነው ማለት ነው። ከዚያ 1 ሲቀነስ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ ከወንበሩ የሚወጣው አበቅቴም (ለጨረቃ ስሌት የሚያገለግለው ቁጥር) «አልቦ»፣ ማለትም ባዶ፣ ይባላል። አባቶቻችን ምልክት ሳይሠሩለት ስም ሰጥተውት፣ በስሌታቸውም ውስጥ ቦታ ሰጥተውት ኖረዋል። ስለዚህ ከአንድ ይቆጠራል የሚለውም፣ ባዶውም ቁጥር ነው የሚለውም ከእኛው ቤት ይገኛል።

አጂፕ፦
ጋሼ የተናገሩት ደስ ብሎኛል፤ ከሌላው ወገን ያለውንም ልጨምር። ዜሮ የሚለው ቃል «ሲፍር» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ባዶ ማለት ነው። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 በዜሮ የመደመርንና የመቀነስን ሕግ ጽፏል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የሠራው አል ኽዋሪዝሚ ደግሞ የሕንድን አኃዝ አሠራር የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፏል፤ አልጀብራ የሚለው ስም ራሱ ከሌላው መጽሐፉ ርዕስ የተገኘ ነው። እኔ የምለው፣ ከ12ቱ ሳምንታት የመጀመሪያው ለቁጥር ታሪክ ይዋል።

ሂርማታ፦
እደግፋለሁ። ጋሼ ያሳዩን በ19 የማካፈልና ትርፉን የመያዝ ሥራ በኮሌጅ ቁጥር ቴዎሪ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ሁለት ሳምንት ቢሰጠው አይበዛም።

ጅሬን፦
12 ሳምንት ለካልኩለስ ራሱ አይበቃም፤ እናንተ ግን ገና ሳይጀመር ሁለቱን ወሰዳችሁት። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ የ7ኛ ክፍል መምህር ከ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ውጭ ያለውን ለመስማት ፈቃደኛ ባለመሆኑ ነው።

ቦሳ ቂጦ፦
ስሜን ከ14ቱ ውስጥ አውጡልኝ።

ጸሐፊ፦
ጅሬን፣ ይህ አነጋገር ለማኅበራችን አይገባም። አብረን የተመረቅን ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን ማን ምን እንደሚያስተምር ለንቀት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ረቂቁን አላስተላልፍም።

ገንዘብ ያዥ፦
እስካሁን ለጥያቄዬ መልስ የሰጠ የለም። ሊሚትና ዴሪቬቲቭ ለዚህ ማኅበር ምን ይጠቅማሉ?

ሂርማታ፦
እርስዎ በየቀኑ በሚሠሩበት ነገር ልመልስ። ማኅበራችን 10,000 ብር በዓመት 12 ከመቶ ወለድ ቢያበድር በዓመቱ መጨረሻ 11,200 ብር ይመለሳል። ወለዱ በየወሩ 1 ከመቶ እየታሰበ በዋናው ላይ ቢደመር ግን 11,268 ብር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። በየቀኑ፣ በየሰዓቱ እያልን ብናሳንሰው ያለ ገደብ አያድግም፤ ወደ 11,275 ብር ገደማ ተጠግቶ እዚያው ይቆማል። ሊሚት የምንለው ይህንን የፈለጉትን ያህል የሚጠጉት ወሰን ነው፤ በሒሳብ e የሚባለው የ2.718ቱም ቁጥር ምንጭ ይኸው ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
መተዳደሪያ ደንባችን በየወሩ ይታሰባል ይላል፤ ከእኔ በፊት የነበረው መዝገብ ግን በዓመት ሲያስበው ቆይቷል፣ እኔም በዚያው ቀጥያለሁ። ይህ ጉዳይ ከሒሳብ ጥናቱ ተለይቶ ለጉባኤው መቅረብ አለበት። ጸሐፊው አጀንዳ አድርገው ይያዙልኝ። ጥናቱንም ከእንግዲህ አልቃወምም፤ ነገር ግን ሌላው አባል የሚጠቀምበት ነገር ይጨመርበት።

ጅሬን፦
መምህራችንን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተናገርኩት ከቁጣ ነው፤ አባባሉ ራሱ ስሕተት ነው። ጥያቄ 1ን አውጥቼዋለሁ፤ ፈተናው 19 ጥያቄ ሆኗል።

መንደራ ቆጪ፦
እኔ ግን ፈተና የሚባለውን ጨርሶ አልፈልግም። በ58 ዓመቴ ወረቀቴ ላይ ቀይ እስክሪብቶ እንዲያርፍ አልመጣሁም። የምመጣው ሳይገባኝ ያለፍኩትን ለማወቅ ነው።

ጸሐፊ፦
ፈተናው እንዲቀር 9 ሰው ስለጠየቀ ቀርቷል። ገንዘብ ያዧ ላነሱት ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የአባሎቻችን ልጆች በዚህ ውስጥ አሉ። የቅዳሜው ሰዓት በከፊል ለእነርሱ ማጠናከሪያ ቢውል ገንዘቡን የሚቃወም አይኖርም። መርካቶ አካባቢ ሕንፃ ያላቸው አባላችንም ልጆች የሚማሩ ከሆነ አዳራሹን በነፃ እንደሚሰጡ ነግረውኛል።

አጂፕ፦
እደግፋለሁ። ሁለት ልጆቼን አመጣለሁ።

ሂርማታ፦
እኔም እደግፋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
በዚህ መልኩ ከሆነ 9,300 ብሩን እደግፋለሁ፤ ሰሌዳው ሁለት ቢሆንም አይከፋኝም።

ጅሬን፦
ለልጆቹ የሚደረገውን ማንም ሊቃወም አይገባም፤ እኔም አልቃወምም። ይሁን እንጂ ለልጅ ማስረዳትና ራስ መማር አንድ አይደሉም። እኛ እኮ ሳይገባን ያስረዳን ሰዎች ነን። በማጠናከሪያ ሰዓት የፈተናን ጥያቄ በፍጥነት መሥራት እናስተምራቸዋለን፣ እነርሱም እንደ እኛው ቀመሩን ይዘው ምክንያቱን ሳያውቁ ያልፋሉ። እኛ ተቀምጠን «ይህ ለምን ሆነ?» ብለን አንድን ነገር ለሁለት ሰዓት ብናብላላው ለልጆቹም የሚተርፈው ያ ነው። ግማሹ ሰዓት ለአባላት እንዲጠበቅ እጠይቃለሁ።

ጸሐፊ፦
የተሻሻለው ረቂቅ የሚከተለውን ይላል። ማኅበሩ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚማሩ የአባላት ልጆች ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሒሳብ ማጠናከሪያ ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ቁጥር ታሪክና ስለ ባሕረ ሐሳብ ስሌት ገለጻ ይደረጋል፤ የወለድ አሰላሉ በኮሚቴ ይጠናል፤ አዳራሹ ከ10 ሰዓት በኋላ ነፃ ሲሆን ፍላጎት ያላቸው አባላት የኮሌጅ ሒሳብን መከለስ ይችላሉ። አስተማሪ ለመሆን ስማቸውን ያስመዘገቡት 6 ሰዎች ዛሬ ማታ ያረጋግጡልኝ።

ጸሐፊ፦
እስካሁን ያረጋገጠ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቦሳ ቂጦ፦
ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ ስሜም ይመለስ። ጅሬን የጠየቀውን የሉል ጉዳይ ትናንት ማታ ሳስበው አድሬ ነበር። አንድ ብርቱካን እንውሰድና በላዩ ላይ እጅግ ስስ የሆነ አንድ ልጣጭ እንደርብበት። የጨመርነው ይዘት በግምት የብርቱካኑ ገጽታ ስፋት በልጣጩ ውፍረት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። የተጨመረውን ይዘት ለውፍረቱ ብናካፍለው የሚቀረን የገጽታው ስፋት ነው፤ ልጣጩ በሳሳ ቁጥርም ግምቱ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ዴሪቬቲቩ ስፋቱን የሚሰጠው ለዚህ ይመስለኛል። በክብም ይሠራል፤ የክብ ስፋት ዴሪቬቲቭ ዙሪያውን ይሰጣል። በኪዩብ ግን በጎኑ ርዝመት ስሞክረው ግማሹን ብቻ ሰጠኝ፤ ምክንያቱን ገና አላገኘሁትም።

ጅሬን፦
ግማሹን የሰጠህ ጎኑ ሲጨምር ልጣጩ የሚደረበው በሦስቱ ፊቶች ላይ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል። ከመሐል እስከ ፊቱ ያለውን ርቀት፣ ማለትም የጎኑን ግማሽ፣ እንደ ሬዲየስ ይዘህ ሞክረው። ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በኋላ በሰሌዳው ላይ እንየው።

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለሰብሳቢው ይሰጣል። የተቀሩት አምስት አስተማሪዎች ዛሬም አልመለሱልኝም።

ጅሬን፦
ግንጆ፣ ማክሰኞ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ ስልክህም አይነሳም። ኮፒውን ተወው፤ 120ውን ገጽ ዋና ቅጂ ብቻ በመርካቶው አዳራሽ ጥበቃ በኩል አስቀምጥልን። ሌላ ቅጂ የለንም።